በቅሎዋ በደረጃ ስለበለጠችኝ ጉዳይ

ለተከበሩ የእሁድ ከሰዓት ጨዋታችን መሪ፣ የዋሻዎችና የዘንዶዎች ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ በሥራ ቀናት የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ፣ በዝምድና ደግሞ የታላቅ እህቴ ባል ለሆኑት ጋሼ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና፣ ረጅም ዕድሜና ከስብራቱ በደንብ ያገገመ ጠንካራ እግር እመኝልዎታለሁ። እኔ፣ ምስጋና ለእርስዎ ይሁንና፣ በነበርኩበት አለሁ። ይህን የምለው ለሰላምታ ያህል ብቻ አይደለም፤ ጨዋታውን ከጀመርንበት ቀን አንስቶ ከአንደኛ ደረጃ ንቅንቅ ባለማለቴ ነው። ባለፈው እሁድ «ቅሬታ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ» ብለው ስላዘዙ፣ ትእዛዝዎን አክብሬ በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። ጽሑፉን በምትኖሩበት ሕንፃ ደረጃ ላይ፣ ከውሃ መቋረጥ ማስታወቂያው ጎን የለጠፍኩት ደግሞ ጎረቤቶችዎም ከፍትሕዎ ተቋዳሽ እንዲሆኑ አስቤ ነው። ደረጃ ማደግ የተከለከለ ሰው ደረጃ ላይ መለጠፍ እንኳ አይከለከልም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለጎረቤቶች ማብራሪያ ይሆን ዘንድ፣ እርስዎ እግርዎ ተሰብሮ ቤት የዋሉበትን ያንን ወቅት ባጭሩ ማንሳት ግድ ይለኛል። የሚፈትኑት ሹፌር ያጡት እርስዎ የባለቤትዎን ሽንኩርት አከታተፍ መፈተንና ነጥብ መስጠት በጀመሩ በሳምንቱ፣ እህቴ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ አንድ ወፍራም የጨዋታ መጽሐፍ ገዝታ ጭንዎ ላይ አስቀመጠችልዎ። ጨዋታው ቀላል ነው፤ ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፣ እያንዳንዱ አንድ የፈጠራ ሰው ይሆናል፣ መሪው የሚያጋጥማቸውን ይተርካል፣ ጥርጣሬ ሲኖር ዳይስ ይጣላል። መልካም የሠራ ሰው ደረጃው ከፍ ይልና አዲስ ችሎታ ያገኛል። ችግሩ፣ በገዛችው መጽሐፍ ውስጥ ሰው እንዴት ደረጃ እንደሚያድግ የሚናገረው ምዕራፍ ተቀዶ ወጥቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ የሚያውቅ ይጠይቅ ነበር። እርስዎ ግን የጎደለውን ምዕራፍ ከመሥሪያ ቤትዎ መመሪያ ላይ በገዛ እጅዎ ሞሉት። በዚህም ምክንያት እኛ፣ ማለትም የሒሳብ መምህርት የሆነችው እህቴ በባለ መጥረቢያ ተዋጊነት፣ ከላይ ፎቅ የሚኖረው ፋርማሲስት በአስማተኛነት፣ የፍሪጅ ጠጋኙ እኔ ደግሞ በፈዋሽነት፣ በዓለም ላይ ዘንዶ ከመግደሉ በፊት ፍሬቻ የሚያሳይ ብቸኛው የጀግኖች ቡድን ለመሆን በቅተናል። ስለ ክብሩ እናመሰግናለን።

ወደ ዝርዝር ቅሬታዎቼ እንድገባ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ስለ ነጥብ አሰጣጥ። እህቴ ጭራቅ በጣለች ቁጥር ነጥብ ይሰጧታል፤ ይገባታል። ፋርማሲስቱ የሌሊት ወፍ መንጋ በእሳት ሲበትን ነጥብ ይሰጡታል፤ የእኔን ፀጉር አብሮ ቢያቃጥልም ቅር አላለኝም። የተቆረጠ እጅ የምቀጥለው፣ መርዝ የምመጥጠው፣ በወደቀ ሁሉ ላይ የማጎነብሰው እኔ ግን ምንም ነጥብ የለኝም። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ ፈውስ «አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚሰጥ አገልግሎት» ስለሆነ የአሽከርካሪውን ብቃት እንደማያሳይ በትዕግሥት አስረድተውኛል። ይባስ ብለውም፣ ደሟ የሚፈሰውን እህቴን ለማዳን በውጊያው መሐል ስቆም፣ ምልክት ሳያሳዩ መንገድ ላይ በመቆም ጥፋት ቀጥተውኛል። እህቴ ድናለች፤ እኔ ተቀጥቻለሁ፤ ሕግ ተከብሯል።

ሁለተኛ፤ ስለ ደረጃ ማደጊያው ፈተና። ሌሎቹ ነጥባቸው ሞልቶ ሲያድጉ፣ ነጥብ ለማይሞላላቸው ደግሞ የተግባር ፈተና እንዳለ በቸርነትዎ ገልጸውልን ነበር። የዓይን ምርመራውን አልረሳውም። ኩሽና በር ላይ ፊደል ለጥፈው፣ አንድ ዓይኔን በሳህን አስከድነው አስነበቡኝ። አለፍኩ። የጽሑፉንም አለፍኩ፤ «ጠባብ ድልድይ ላይ ከግዙፍ ጭራቅ ጋር ፊት ለፊት ብትገናኝ ቅድሚያ የማን ነው?» ለሚለው «የጭራቁ» ብዬ በትክክል መልሻለሁ። ከዚያ የተግባሩ መጣ። የዘንዶው ዋሻ ውስጥ፣ ዘንዶው ነቅቶ እያየን፣ በቅሎ የምትጎትተውን ጋሪ በሁለት ምሰሶዎች መሐል ወደ ኋላ አስገባ ተባልኩ። ዘንዶው፣ ምስጋና ይግባውና፣ ጨርሼ እስክወጣ ድረስ በጨዋ ደንብ ጠበቀ። እኔም ዳይሱን ጣልኩ። የጋሪው የኋላ ጎማ ምሰሶውን ነካ።

እርስዎም ብዕርዎን አስቀምጠው «ስፖኪዮ አላየህም» አሉኝ።

ጋሪ ስፖኪዮ የለውም ብዬ በትሕትና ሳስረዳ፣ «ታዲያ ስፖኪዮ የሌለው ተሽከርካሪ ይዘህ ለምን ለፈተና መጣህ?» ብለው ጣሉኝ። በማግሥቱ ሥራ ቦታ የአንዲት ሴትዮ ፍሪጅ ከግድግዳ ሳወጣ፣ ሳላስበው ወደ ኋላዬ ሁለት ጊዜ ዞሬ እንዳየሁ ሲያውቁ ደስ እንደሚልዎት አልጠራጠርም። ሴትዮዋ «ሰው ይከታተልሃል እንዴ?» ብላኛለች።

ሦስተኛ፤ ስለ በቅሎዋ። እመቤት የተባለችው ይህች በቅሎ ማንም ተጫዋች የሚጫወታት አይደለችም። ጓዛችንን ትሸከማለች፤ የምትሄደውና የምትቆመው እርስዎ ሲሉ ነው። የመጀመሪያ ዕድገቷን ያገኘችው አንድ ሽፍታ ከኋላዋ መጥቶ ስለረገጠችው ነበር። «ርቀት አልጠበቀም፤ ጥፋቱ የእሱ ነው» ብለው ነጥቡን ለእሷ ሰጡ። ሁለተኛውን ያገኘችው መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆማ ግራ ቀኝ ስላየች ነው። እንደ ሰማሁት፣ በቅሎ ሁልጊዜ ግራ ቀኝ ታያለች። በሦስተኛ ደረጃዋ የመናገር ችሎታ አገኘች። የመጀመሪያ ቃሏ ለእኔ ነበር፤ «ቀበቶህን እሰር» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማን የት እንደሚተኛ፣ ውሃ ማን ቀድሞ እንደሚጠጣ የምትወስነው እሷ ናት፤ በመመሪያዎ መሠረት ከፍተኛ ደረጃ ያለው ዝቅተኛውን ያዛል። በገዛ እህቴ ቤት፣ በገዛ እህቴ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በእርስዎ ድምፅ የምትናገር በቅሎ ምንጣፍ ስታስዘረጋኝ ከርሜአለሁ። ትሕትናን ስላስተማሩኝ ምን ብዬ ላመስግንዎ?

አራተኛ፤ ስለ ሥራዬ መቀየር። በሐይቁ ማዶ ባለው ከተማ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ የተሻለ ሥራ ማግኘቴንና በወሩ መጨረሻ እንደምሄድ የነገርኩዎት አንድ እሁድ ምሳ ላይ ነበር። እንኳን ደስ አለህ ብለው ሾርባዎን ጠጡ። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ግን ፈተናው ያለ ምንም ማስታወቂያ ከበደ። የዓይን ምርመራው እንደ አዲስ ተደገመ። ቀለም መለየት ተጨመረ። በዝናብ፣ በጭጋግ፣ በዘንዶ ጭስ ውስጥ ጋሪ ወደ ኋላ አስገባሁ። አንድ ጊዜ ያለ እንከን ባስገባም፣ ፈተናው የተሰጠበት ዋሻ ፈቃድ የሌለው መሆኑ ስለተደረሰበት ውጤቱ ተሰረዘ። ፋርማሲስቱ፣ መቼም እሱ ብዙ አይናገርም፣ መነጽሩን አውልቆ «ይሄ እኮ ጨዋታ ነው» ብሎ ነበር። እርስዎም አዎን ጨዋታ መሆኑንና ለዚሁም ደንብ እንደሚያስፈልገው ገልጸው ለእሱም ማስጠንቀቂያ ጽፈውለታል።

አምስተኛ፤ ስላለፈው እሁድ። ይህን የምጽፈው ሌላውን ከጻፍኩበት በተለየ ስሜት ነው። ዘንዶው በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና እሳቱን ለቀቀው። ዳይሱን የጣሉት እርስዎ ነበሩ፤ የወጣው ቁጥር እመቤት ላይ አረፈ። እህቴና ፋርማሲስቱ ዘንዶውን ጣሉት፤ በቅሎዋ ግን ዋሻው ደጃፍ ላይ ወደቀች። ከሞት አፋፍ መመለስ የሚችለው የሁለተኛ ደረጃ ፈዋሽ ብቻ ነው። ይህንን መጽሐፉ ራሱ ይላል፤ ያ ገጽ አልተቀደደም።

ማጠቢያ ማሽኑ ብቻ ከመታጠቢያ ቤት ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እንግዲህ አሳልፈው» አለችዎት እህቴ። «ልትሞት ነው እኮ።»

እርስዎም የእኔን የነጥብ ወረቀት አዩ፣ በቅሎዋን የምትወክለውን የሻይ ማንኪያ አዩ፣ ከዚያ ተነሥተው ወደ ኩሽና ገቡ። ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማን። ተመልሰው ሲመጡ ፊትዎ እርጥብ ነበር። ማንኪያዋን አንሥተው ወደ ኪስዎ ከተቱና «ደንብ ደንብ ነው» አሉ። ድምፅዎ የእርስዎ አይመስልም ነበር። የሚወዷትን በቅሎ እኔን ከማሳለፍ ይልቅ ለሞት አሳልፈው ሰጡ።

ጫማዬን ሳስር እህቴ ኮሪደር ድረስ ተከተለችኝ። ተቆጥቻለሁ ብላ እንዳታስብ ለመሳቅ ሞከርኩ፤ አልተሳካልኝም።

«ካሳለፈህ ሄደህ የምትቀርበት መስሎት ነው» አለችኝ። «እኔንስ ሳንጋባ በፊት መንጃ ፈቃድ ስፈተን ሦስት ጊዜ የጣለኝ መንዳት ስለማልችል መሰለህ? እስከ ሦስተኛው ድረስ ምሳ እንብላ ለማለት ድፍረት አላገኘም ነበር። ያለፈ ሰው አይመለስም ብሎ ያምናል። በመሥሪያ ቤቱ መስኮት በየቀኑ የሚያየው ይህንኑ ነው፤ ያለፈው ፈቃዱን ይዞ ይሄዳል፣ የወደቀው ይመለሳል።»

የተከበሩ ጋሼ፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር በአእምሮዬ ሳመላልሰው ሰንብቻለሁ። ለካ እስከ ዛሬ የደረሰብኝ በደል ሁሉ መውደድ ኖሯል። ከዚህ የበለጠ ቢወዱኝ ኖሮ መቼም በሕይወት አልተርፍም ነበር። እንግዲህ መልሴን በጽሑፍ፣ በጎረቤቶችዎ ምስክርነት እንድሰጥ ይፍቀዱልኝ። ቢያሳልፉኝም በወሩ መጨረሻ እሄዳለሁ። ቢጥሉኝም እሄዳለሁ። ቢያሳልፉኝም ቢጥሉኝም፣ ሥራ በማልገባባቸው እሁዶች ሁሉ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ፤ የሹፌሩ አነዳድ ላይ ያየሁትንም ሪፖርት አቀርብልዎታለሁ። ስለሆነም እኔን መጣልዎ ለምንም ስለማይጠቅም፣ የሁለተኛ ደረጃ ጥያቄዬ በአስቸኳይ እንዲታይልኝ በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ። የእመቤትን ጉዳይ ግን እንደ አዲስ እንዲከፍቱ አልጠይቅም። የሷን ኀዘን በራስዎ ደንብ ስላመጡት፣ በክብር ይያዙት።

ለዓይኔ ጤንነት ስላደረጉልኝ ተደጋጋሚ ምርመራ፣ ጋሪ ወደ ኋላ በማስገባት ረገድ ስላካበትኩት በየትኛውም መጋዘን የማይፈለግ ሙያ፣ እንዲሁም ሳይሸኙኝ ለማስቀረት ላሳዩት ያላሰለሰ ጥረት ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ እግርዎ እንዲበረታ፣ ብዕርዎ እንዲደርቅ ከመመኘት ጋር፣

አክባሪዎ፣
የአንደኛ ደረጃ ፈዋሽ፣ የፍሪጅ ጠጋኝና የሚስትዎ ታናሽ ወንድም

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ ይህን ለመለጠፍ ስመጣ ደረጃው ላይ ያገኘኋት እህቴ አንድ መልእክት እንዳደርስልዎ ጠይቃኛለች። ከመጪው እሁድ ጀምሮ ጨዋታውን የምትመራው እሷ ናት፤ ፋርማሲስቱም ተስማምቷል። እርስዎ በተጫዋችነት የተመዘገቡ ሲሆን እንደማንኛውም ጀማሪ ከአንደኛ ደረጃ ይነሣሉ። የራስዎን እርሳስ ይዘው ይምጡ። ያረፈደ ተፈታኝ አይስተናገድም።