የቀኑበትን ሥራ ያቀኑት ኢንጂነር እሱባለው ወልደ ሰንበት

ኢንጂነር እሱባለው ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሰንበት የሺጥላና ከእናታቸው ከወ/ሮ ደመቀች ባየው በ1957 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ደብረ ብርሃን ተከታትለው በኤሌክትሪክ ምህንድስና አዲስ አበባ ተመረቁ። በ1985 ዓ.ም. ከወ/ሮ እናናየሁ ባዩ ጋር ተጋብተው አርሴማንና ምስጋናን አፍርተዋል። በኤሌክትሪክ መስመር ሥራ ላይ ከቆዩ በኋላ ደብረ ብርሃን ተመልሰው መምህር ሆኑ።

ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአንድ ጥያቄ ነበር፦ ነፋስ ምሰሶ ሲጥል የትኛው መስመር ተቆርጦ የትኛው ቢቀጠል ነው፣ ሌላውን ሳያጨናንቁ ለብዙ ሰው ቶሎ መብራት የሚመለሰው? ይህን ኮምፒውተር እንዲወስን የሚያደርግ ስልተ ቀመር ለዓመታት ሲያበጁ ኖሩ።

በ2012 ዓ.ም. ወጣቷ ዶ/ር ሮዳስ ቃለ አብ ከሐዋሳ መጥተው ባልደረባቸው ሆኑ። የዶ/ር ሮዳስ ስልተ ቀመር ብዙ አማራጮችን ባንዴ እያወዳደረ የተሻለውን ስለሚመርጥ፣ ከኢንጂነር እሱባለው ስልተ ቀመር ይልቅ ፈጣን ሆኖ ተገኘና በአንኮበር መስመር ላይ ለሙከራ ተመረጠ።

ኢንጂነር እሱባለው ቀኑ። ቤተሰቡ ይህን አይሸሽግም፤ እሳቸውም አልሸሸጉም። የዶ/ር ሮዳስ ስም ማዕድ ላይ ከተነሣ እህል አይወርድላቸውም ነበር። ሥራውን እንዲገመግሙ ሲሰጣቸውም ስህተት ፍለጋ ተቀመጡበት፤ አገኙም። ስሌቱ፣ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ የቆየ መብራት ሲመለስ ወፍጮውና የፋብሪካው ሞተር ሁሉ ባንድ ጊዜ እንደሚነሣ ዘንግቷል። በዚያ ጭነት መስመሩ ይቃጠላል።

ደስ አላቸው። ዝምም አሉ። ሙከራው ሲቃረብ ግን ወ/ሮ እናናየሁ ነገሩን ሰምተው፣ «አንተ ልጅቷ ስትዋረድ ለማየት ብለህ የአንኮበር ጤና ጣቢያ ይጨልም?» አሏቸው።

በማግስቱ ዶ/ር ሮዳስ ቢሮ ገቡ። «ስህተትሽን ያገኘሁት ላግዝሽ ብዬ አይደለም፤ ቀንቼ ነው» አሉ። «ግን አርሚው» ብለው ስህተቱን የጻፉበትን ወረቀት ሰጧቸው።

ዶ/ር ሮዳስ ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ ሣቁ። «እንግዲያስ እግዜር ቅናትዎን አይንሣኝ» አሏቸው።

በዚያው ክረምት ዐውሎ ነፋስ የአንኮበርን መስመር በጠሰ። የታረመው ስልተ ቀመር ግን ሌላ መንገድ መርጦ መብራቱን እስከ አሊዩ አምባ መለሰ። ዶ/ር ሮዳስ ጥናቱን በሁለታቸው ስም ለማሳተም ቢለምኑም፣ ኢንጂነር እሱባለው «ሁለተኛ ስም ሆኜ አልጻፍም» ብለው እምቢ አሉ። ጥናቱ በተሸለመበት ዕለት ጥርሴን አመመኝ ብለው ቀሩ፤ ተማሪዎቻቸውን ግን አንድ ሳያስቀሩ ላኩ። ከዚያ ወዲያ ዶ/ር ሮዳስ አዲስ ሥራ በጨረሱ ቁጥር መጀመሪያ የሚወስዱት ለእሳቸው ነበር።

ኢንጂነር እሱባለው በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በመጨረሻው ሳምንት ዶ/ር ሮዳስ ሊጠይቋቸው ሲመጡ እጃቸውን ይዘው፣ «ከእንግዲህ ማን ይቀናብሻል?» አሏቸው።

የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና በየመስመሩ የተሰማሩ ተማሪዎቻቸውን ትተውልን ሄደዋል።

የሰውን ልብ ከነጉድፉ የሚወድ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያኑርልን፤ እኛንም ያበርታን። አሜን።