ማን ቀድሞ ጮኸ

ረቡዕ

ስልኬን ማንም እንዳይነካው ብያለሁ። ሕሊና ከደወለች የምትደውለው ለአንድ አፍታ ነው፤ ያ አፍታ ካመለጠኝ አብዳለሁ።

ልጄ እዚህ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ ናት። ሥራዋ ስክሪን ላይ አፍጥጦ መርከቡ አጠገብ የሚመጣውን መለየት ነው። የት እንዳሉ አትነግረንም፤ ዜናው ግን ነገረን። ሩቅ ባሕር ላይ፣ የአሜሪካ መርከብና የጠረፉ አገር ፈጣን ጀልባዎች ተታኩሰዋል። የእኛዎቹ “ቀድመው የተኮሱት እነሱ ናቸው” ይላሉ። እነሱ ደግሞ “ክልላችን ገብታ የተኮሰችው መርከቧ ናት” ይላሉ። የሕሊና መርከብ ትሁን የሌላ፣ የተናገረ የለም።

ባለቤቴ መኮንን ከትናንት ጀምሮ አድሚራል ሆኗል። ዋና እንኳን የማይችል ሰው! ካርታ ዘርግቶ ጢሙን ያሻሻል። “ማን እንደተኮሰ እስኪጣራ ጦርነቱ ይጀመራል፤ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው” አለኝ። ዝም በል አልኩት። እራት አልሠራሁም።

ሐሙስ

ባሰ። ሁለተኛ ጥቃት ደረሰ አሉ፤ በጨለማ፣ በማዕበል መሃል። የምክር ቤት ሰዎች ቴሌቪዥን ላይ ተራ በተራ ይቆጣሉ። ሰኞ ድምፅ እንሰጣለን፣ ፕሬዚዳንቱ እንዲመታቸው እንፈቅዳለን ይላሉ። ትናንት “ተብሏል” ይሉት የነበረውን ዛሬ “ሆኗል” ይሉታል። በአንድ ቀን ምን አዩ?

ሥራ ቦታ፣ የምንንከባከባቸውን አረጋውያን ቁርስ ስናበላ፣ አብራኝ የምትሠራው ሴትዮ “መምታት ነው እንጂ ምን ይጠበቃል!” አለች። ልጄ እዚያ ናት አልኳት። ማንኪያውን አስቀምጣ አቀፈችኝ። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ የእሷ ልጅ የሚሠራው እዚሁ ቅርብ፣ ፍሪስኮ ከተማ፣ ቢሮ ውስጥ ነው።

የማርያም ማኅበራችን መሪ፣ ሙሴያችን እትዬ አስካለ፣ ደጋግመው ደወሉ። አላነሳሁም። መስመሩ የሕሊና ነው። መኮንን “ኮል ዌይቲንግ የሚባል ነገር አለ እኮ፤ እያወራሽም ሌላ ሰው ሲደውል ያሳውቅሻል” ይላል። ይኑር።

ዓርብ

አልደወለችም።

እዚህ አገር ወታደር ሲሞት ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች መጥተው በር ያንኳኳሉ አሉ። ዛሬ ዕቃ የሚያደርሰው ሰውዬ ሲያንኳኳ ማርያምን እየጠራሁ ከፈትኩ። ጫማ ነው ያመጣው፤ የመኮንን ጫማ። በዚህ ሰዓት ጫማ ያዛል!

የእኛ ሰው ደግሞ መርዶ በስልክ አይናገርም። ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚመጣው። ይህን ማሰብ አልነበረብኝም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር እናቴ።

ለማርያም ጥላ ተሳልኩ። ትልቁን፣ ዘርፍ ያለውን።

ቅዳሜ

ሳቁ አሁንም አልለቀቀኝም።

ገና ሳይነጋ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁና በመስኮት አየሁ። ደጃችን መኪኖች ተደርድረዋል። እትዬ አስካለ ከፊት፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበዋል። የማኅበሩ ሴቶች ከኋላቸው። ይንሾካሾካሉ።

እኛ ከተማ፣ ቤድፎርድ ውስጥ፣ ሰው በዚህ ሰዓት ለሌላ ምን ጉዳይ ይመጣል? በሌሊት ልብሴ ወጣሁ። “ልጄን!” ብዬ ሣሩ ላይ ወደቅኩ። እትዬ አስካለ ደረታቸውን እየደቁ “ወይኔ ሕሊናዬ!” አሉ። የእሳቸውን ለቅሶ ስሰማ የቀረችኝም ተስፋ አለቀች። ሴቶቹ ሁሉ ጮኹ። መኮንን ወጣና ከሁላችን በላይ ጮኸ። የማዶው ጎረቤታችን ውሻቸውን አቅፈው በረንዳቸው ላይ ደርቀው ቀሩ።

ያስቆሙን የእትዬ አስካለ ባል፣ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ትልቅ ድስት ተሸክመው ከመኪናው ኋላ ብቅ አሉ።

“ማን ነገራችሁ?” አሉኝ።

“እናንተ ናችኋ!”

“እኛ ምን እናውቃለን? አንቺ ስትጮሂ ነው የሰማነው!”

ሁላችንም ድስቱን አየን።

ለካ የዛሬው ማኅበር ተረኛ እኔ ነኝ! ባለፈው ወር ጽዋውን ተቀብዬ ፍሪጅ አናት ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ በጭንቀቱ ጨርሶ ከአእምሮዬ ወጥቷል። ስልክ ሳላነሳ ስቀር እትዬ አስካለ “ጭንቅ ላይ ናት፣ እኛው ሠርተን እንውሰድላት” ብለው ሴቶቹን አስተባበሩ። አንዳንዶቹ ጠዋት ሥራ ስለሚገቡ በጊዜ መጡ። ከዋይሊ ከተማ ድረስ የመጡም አሉ። ነጠላውን የተከናነቡት ለብርዱ፣ የተንሾካሾኩት ጎረቤት እንዳይቀሰቅሱ ነው። ጎረቤቱንማ ቀስቅሰነዋል!

ጋሽ ታደሰ “እባብ ያየ በልጥ በረየ” እያሉ ድስቱን አስገቡ። ጸሎት ተደረሰ፣ ተበላ። ከዚያ ማን ቀድሞ ጮኸ የሚል ክርክር ተነሣ። እትዬ አስካለ “አንቺ ነሽ” ይላሉ። እኔ ደግሞ እርስዎ ነዎት እላለሁ፤ በሩን ስከፍት ሲያለቅሱ የሰማሁ ይመስለኛል። ምስክር እንዳይጠራ፣ ምስክሩ ሁሉ ሲያለቅስ ነበር።

መኮንን “ይኸው የባሕሩ ነገር” አለ። “ብቻ እነዚያ የያዙት ድስት አይደለም።” ለአንድ ጊዜ እውነቱን ነው።

እሑድ

ተመስገን! ተመስገን!

ሁለተኛው ጥቃት አጠራጣሪ ነው ተባለ። የመርከቧ መኮንኖች ራሳቸው ናቸው ያሉት። በስክሪን ታየ እንጂ ጀልባ በዓይኑ ያየ የለም፤ ማዕበሉ አሳስቶ ይሆናል። የምክር ቤቱ የሰኞ ድምፅ አሰጣጥ ተራዘመ። ሁለቱም ወገኖች መርከቦቻቸውን ትንሽ አራቁ።

ከቅዳሴ ስንመለስ ሕሊና ደወለች። “ማሚ! አይም ኦኬ። በላሁ፣ ተኛሁ። ስለ ሥራ ማውራት አልችልም፣ ኦኬ?”

አልጠየቅኳትም። የቅዳሜውን ጉድ ነገርኳት። እስክታስል ሳቀች።

“ሶ፣ ማነው ፈርስት የጮኸው?”

“እትዬ አስካለ ናቸዋ!”

ሳቋ ቆመ። የተቋረጠ መሰለኝ።

“ማሚ፣ ሹር ነሽ?” ድምፅዋ ተለወጠ። “ማለቴ፣ ሪሊ ሹር ነሽ?”

አሰብኩ። “አይ” አልኳት፤ “እርግጠኛ አይደለሁም።”

“ጉድ” አለችኝ በእንግሊዝኛ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ “ሁሉም ሰው ከኋላሽ ቆሞ፣ ‘የስ’ እንድትይ እየጠበቀ፣ አላውቅም ማለት በጣም ሃርድ ነው ማሚ።”

“ስክሪኑን አይተሽ አላውቅም ያልሽው አንቺ ነሽ?”

“ማሚ! ማውራት አልችልም አልኩሽ እኮ።” ግን ሳቀች። እኔ አለቀስኩ። ያቺ የእኔ ልጅ ናት።

ለእትዬ አስካለ ደወልኩና ማን ቀድሞ እንደጮኸ አላውቅም አልኳቸው። “እኔም አላውቅም፣ ልጄ” አሉ።

መርከቧ ገና አልተመለሰችም። ነገ ምን እንደሚሉም አላውቅም። እራት ግን ሠርቻለሁ።