«ራስሽ ጽፈሽ አምጪ» ላሉት ዶክተር

ለክቡር ዶክተር ቃሲም
በሪያድ ከተማ በአንድ የግል ኮሌጅ የፋርማሲ መምህር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ፣ በተለይም ያ ለመፈረም የማይደክመው ቀኝ እጅዎ ደህና ነው? አላህ ዕድሜና ዓፊያ ያብዛልዎ። እኛ የመንሱራ ሰፈር ነዋሪዎች ደህና ነን ለማለት ያህል ደህና ነን። ጸሐፊዎ ከእንግዲህ ከእኔ ወረቀት እንደማይቀበሉ ስለነገሩኝ በአደባባይ መጻፌን በትልቅነትዎ ይለፉልኝ።

ከድር እባላለሁ፤ የውሃ መኪና ሾፌር ነኝ። የተማሪዎ የሰሃር አባት ነኝ። ምናልባት አያስታውሷትም ይሆናል። እዚሁ ሪያድ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ የተሰባበረ፣ ትምህርቷን ከክፍሏ አንደኛ ሆና የጨረሰች ልጅ ናት። ማሌዥያ ለነጻ የትምህርት ዕድል አመልክታ የቀራት የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ዕድሉን ካላገኘች በእኔ የመኖሪያ ፈቃድ፣ በኢቃማዬ ላይ፣ እየከፈልኩ ላቆያት አቅሜ እንደማይፈቅድ፣ የመውጫ ቪዛ ኹሩጅ አስመትቼ አይታው ወደማታውቀው ከሚሴ እንደምልካት ታውቃለች።

ግብፃዊው መምህሯ «እጽፍልሻለሁ» ብለዋት ነበር። «የአገራችን ሰው እያለ» ብዬ ወደ እርስዎ የላክኋት እኔ ነኝ። እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ ላቅርብ።

፩ኛ. «ጊዜ የለኝም፣ ራስሽ ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርማለሁ» በማለትዎ አመሰግናለሁ። ብዙ መምህራን እንዲህ እንደሚያደርጉ፣ ተማሪውም ራሱን ሰማይ አድርሶ እንደሚያመጣ የሰማሁት ኋላ ነው። እኛ ቤት ግን ራስን ማሞገስ ነውር ነው፤ እናቷ ሪሃናና እኔ «ሌላ ያመስግንሽ እንጂ አንቺ ራስሽን አታመስግኚ» እያልን ነው ያሳደግናት። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ የእኔ ልጅ ግን ለራሷ ስትቆርስ አሳነሰች። በእርስዎ ስም የጻፈችው ይህን ነበር፦ «ሰሃር መካከለኛ ተማሪ ናት። ከጓደኞቿ የምትበልጥበት ነገር የለም፤ ገና ብዙ ይቀራታል። ዕድሉ ቢሰጣት ትሞክራለች፣ ባይሰጣትም አታማርርም።» እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ሲል ባለቤቱ እንደሚጨምርለት ሁሉ፣ ዶክተሩ አንብበው የሚገባኝን ይጨምሩልኛል ብላ ነው።

፪ኛ. ከመኪናዎ ሳይወርዱ፣ ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፈው ስለፈረሙላት፣ ከፈረሙ በኋላም ስሟ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ስለተጨነቁላት አላህ ይስጥልኝ። ማህተሙም ጥርት ብሎ ነው ያረፈው። ልጄ እየሳቀች ቤት ገብታ የዶክተሩን ትህትና ስታወራልን አመሸች። እናቷ ዱዓ አደረገችልዎ፤ ተምርም ላክንልዎ። እንደወደዱት ተስፋ አደርጋለሁ።

፫ኛ. መልሱ የመጣው «የገዛ መምህሯ ያልመሰከሩላትን ተማሪ መቀበል ያስቸግረናል» የሚል ሆኖ ነው። እኔ እንግሊዝኛ አላነብም። ጎረቤቴ አምሳሉ እርስዎ የፈረሙበትን ደብዳቤ ቅጂ እየተረጎመ ሲያነብልኝ መሃል ላይ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ፤ እኔም ቀጥል አላልኩትም። ክቡርነትዎ፣ አባቴን በቀበርኩ ቀን እንኳ እንደዚያ አላዘንኩም። ያን ሁሉ ዓመት ያሳደግናት በትህትና ነበር፤ ትህትናዋ መልሶ ጣላት።

፬ኛ. ጊዜው ገና ሳያልፍ ሌላ ደብዳቤ ይጻፉላት ብዬ ደጅ በጠናሁ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ የፈረሙትን መለወጥ ለስምዎ እንደማያምር በጸሐፊዎ በኩል ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ስሙን እንዲህ የሚጠብቅ ሰው ማየት ያስደስታል።

አሁን ሰሃር ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነው። ከሚሴ ስትገባ የሱቅና የመንገድ ጽሑፍ እንዳያስቸግራት እናቷ ሀ ሁ ታስቆጥራታለች። የመድኃኒት ስም በሁለት ቋንቋ የምታውቅ ልጅ ቁጭ ብላ ፊደል ስትለቅም ማየት አልቻልኩም፤ ሥራ አለኝ እያልኩ እወጣለሁ።

ከመቀመጫዎ ሳይነሱ የሰው ልጅ ዕድል የሚወስኑበትን ሥልጣን የሰጠዎ አላህ፣ የሚያነቡበትን ጊዜም እንዲሰጥዎ እየለመንኩ፣ ለዕውቀትዎ፣ ለማዕረግዎና ለማህተምዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የሰሃር አባት ከድር
መንሱራ፣ ሪያድ

ማስታወሻ፦ ሳያነቡ እንደፈረሙ ብነግራት ሰሃር አታምነኝም። «ላ ባባ፣ አይደለም፤ ዶክተር እኮ አንብበው ነው የሚፈርሙት» ትላለች። እርስዎ አንብበው የተስማሙበት መስሏት፣ መካከለኛ ናት የሚለውን ስለ ራሷ አምናዋለች። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት ደውለው «አላነበብኩትም» ይበሉልኝ። ለልጄ ከእርስዎ የምለምነው የድጋፍ ቃል ይኸው ብቻ ነው።