ፒር እየላጥኩ የሰማሁት ጉባኤ

ለክቡር ፕሮፌሰር ታክ ኢን-ሆ፣
የሶክቻን ዩኒቨርሲቲ የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤት ዲን፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ የገብስ ሻይዎ የማይቀዘቅዝ፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ።

ማ ዮን-ሱክ እባላለሁ። ቀን ቀን በከተማችን በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ዋና ነርስ ነኝ፤ ማታ ማታ ደግሞ የእርስዎ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የማጠናው አዛውንቶች ምግብ መዋጥ ሲቸገሩ እንዴት እንደሚረዱ ነው። ማን እንደሆንኩ ካላስታወሱ አይጨነቁ። ባለፈው ማክሰኞ በፕሮፌሰሮቹ ጉባኤ ክፍል ጥግ ቢላዋ ይዤ የቆምኩት ሴትዮ እኔ ነኝ። «እህቴ፣ ፍሬውን ትንሽ ሳሳ አድርጊው» ብለውኝ ነበር፤ አሳስቼ ቆርጬዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ለማመስገን ነው። ምስጋናዬ ስለበዛ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

አንደኛ፣ የድህረ ምረቃ ተማሪዎች ፍላጎት እየተለወጠ መምጣቱን ተገንዝበው፣ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ስላቋቋሙልን አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ስለ እኛ በጥሞና ለመምከር የመዝናኛዋ ጄጁ ደሴት ድረስ መሄዱን፣ በባሕሩ ዳርቻም የማይረሳ ፎቶግራፍ መነሳቱን በድረ ገጻችን ተመልክተናል። ከዚያ ሲመለስም የመጀመሪያው ፍላጎታችን ዕረፍት መሆኑን ደርሶበት፣ አልጋና ትራስ ያለው ማረፊያ ክፍል አዘጋጅቶልናል። ክፍሉ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። እኛ የማታ ተማሪዎች ከየሥራችን ተጣድፈን ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ስንደርስ በመስታወቱ በኩል እናየዋለን። ትራሶቹ በጣም ያምራሉ።

ሁለተኛ፣ ይኸው ኮሚቴ የማታው ሴሚናር ተዘግቶ ሁሉም ተማሪ ቀን እንዲማር ሐሳብ ማቅረቡን በሰማን ጊዜ፣ ሁላችንንም ወክዬ በጉባኤው ፊት ጥቂት ደቂቃ እንድናገር በጽሑፍ ጠይቄ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ሳይውል ሳያድር መልስ ስለሰጠኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መልሱም የጉባኤውን ክብር ለመጠበቅ ሲባል ተማሪ ወደ ስብሰባው እንደማይገባ የሚገልጽ ነበር። ይህን ባነበብኩ በዚያው ከሰዓት በኋላ የጽሕፈት ቤቱ ባልደረባ ወይዘሮ ጉ በታላቅ ትሕትና ስልክ ደወሉልኝ፦ «ማክሰኞ ይመችሻል እንዴ? ጉባኤ አለብን፤ ፍራፍሬ የሚልጥልን ተማሪ ቸግሮናል። አንቺ ደግሞ እጅሽ ቀልጣፋ ነው ይላሉ።»

ፕሮፌሰሮች በተሰበሰቡበት ፍራፍሬ ልጦ የሚያቀርበው ተማሪ መሆኑ በእኛ ዘንድ የቆየ ነገር ስለሆነ፣ ወይዘሮ ጉ ሲጠይቁኝ ነውር አልታያቸውም፤ እኔም እሺ ስል አልተግደረደርኩም። ከመጦሪያው የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ ለቹሶክ የመከር በዓል በስጦታ ከመጣልዎት የፒር ፍሬ ሳጥን ጋር ወደ ጉባኤው ገባሁ። በሩ ላይ «ተማሪ መግባት አይፈቀድም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በሩን የከፈቱልኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት።

ሦስተኛ፣ በፊቴ ስለ እኔ ያለ አንዳች ይሉኝታ ስለተወያያችሁ አመሰግናለሁ፤ በዩኒቨርሲቲያችን እንዲህ ያለ ግልጽነት አይቼ አላውቅም። ምክትልዎ ፕሮፌሰር ብዮን፣ በዕድሜ ታናሼ ቢሆኑም በንግግራቸው ክብደት የሚበልጡኝ ሰው ናቸውና፣ «ወጣቱ እንደሆነ ጠቅልሎ ዋና ከተማ ሴኡል ገብቷል፤ ለእኛ የተረፉት እነዚህ የማታዎቹ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ሲያዛጉ አምሽተው ነው የሚሄዱት። እንዲህ እየተዛጋ ምርምር አለ እንዴ?» ሲሉ ሁላችሁም ሳቃችሁ። ይህን ሲናገሩ ራሳቸውም እያዛጉ ነበር፤ ሰዓቱ ከምሳ በኋላ ስለነበር አልፈርድባቸውም። ቀጥሎ ከወንበሮቹ መካከል አንድ ደግ ድምፅ «ለመሆኑ ተማሪዎቹ ምን ይላሉ?» ብሎ ጠየቀ። እርስዎም ጠረጴዛውን ግራና ቀኝ ቃኝተው፣ ዓይንዎን በእኔ ላይ አሳልፈው ሳህኑ ላይ አሳረፉትና፣ «የተቃወመ የለም። ቅር ያለው ቢኖር ይሄኔ ጆሯችን ይደርስ ነበር» ብለው በትንሿ ሹካ አንድ ቁራጭ አነሱ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ለአፍታ ላቁመው። በዚያች ደቂቃ በጣም ተናድጄ ነበር፤ ከንዴቴም በላይ አዘንኩ። ሦስተኛ ዲግሪዬን ለመጨረስ የቀረኝ አንድ የማታ ሴሚናርና የመመረቂያ ጽሑፌ ነው። ሴሚናሩ ወደ ቀን ከተዛወረ ሥራዬን ልተው፣ ካልሆነም ትምህርቴን ልተው ነው። ሥራዬን ብተው ቤቴ አይቆምም፤ የማጠናቸው አዛውንቶችም እዚያው መጦሪያው ውስጥ ናቸው። ትምህርቴን ብተው ደግሞ ከሽማግሌዎቹ ጋር በማንኪያ እየታገልኩ የለፋሁባቸው ዓመታት ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ዝም ያልኩት ተስማምቼ አልነበረም። በእኛ ወግ እያስተናገደ የሚናገር ሰው ባለጌ ይባላል፤ እናንተም ይህን አሳምራችሁ ታውቃላችሁ።

በሙያዬ የታዘብኩትን አንድ ነገር ብጨምር ቅር እንደማይልዎት ተስፋ አለኝ። በመጦሪያው ለሰዎች ምግብ ከማቅረቤ በፊት ማን ምን መዋጥ እንደሚችል እየዞርኩ አያለሁ። በጉባኤዎ ላይም በልማድ ይህንኑ አደረግሁ። የቀረበውን ሁሉ ሳያኝክ የሚውጥ እንዲህ ያለ ጤናማ ስብስብ አይቼ አላውቅም።

የመጨረሻው ልመናዬ ትንሽ ነው፤ ቁጥር አልሰጠሁትም። ቃለ ጉባኤው ላይ «ከተማሪዎች የቀረበ ተቃውሞ የለም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ተሰርዞ፣ «ተማሪዋ ክፍሉ ውስጥ ነበረች፤ የጠየቃት ግን የለም» በሚል እንዲተካልኝ፣ የማታውም ሴሚናር የጀመርነውን እስክንፈጽም እንዲቆይልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ኮሚቴው ፍላጎታችንን ጄጁ ድረስ ሄዶ ከሚፈልግ፣ አንድ ምሽት በኮሪደራችን በኩል ብቅ ቢል ይበቃዋል። መብራቱ የበራበት ክፍል አንድ ብቻ ስለሆነ አይጠፋውም።

ለሰጡኝ የማየትና የመስማት ዕድል ደግሜ እያመሰገንኩ፣ የጉባኤውን ሳህን አጥቤና ወልውዬ መመለሴንም እያሳወቅሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ የምነሳው፣

ማ ዮን-ሱክ
ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ

ማስታወሻ፦ ውሳኔው በሚጸድቅበት የፊታችን ማክሰኞ ጉባኤም ፍራፍሬ እንድናቀርብ ወይዘሮ ጉ ጠይቀውናል፤ በደስታ ተቀብለናል። ሥራው ለአንድ ሰው እንዳይከብድ የማታ ተማሪዎች በሙሉ ከየሥራችን ፈቃድ ወስደን እንገባለን። በዚህ ጊዜ የምናቀርበው ግን ሙዝ ብቻ ይሆናል። ሙዝ ፕሮፌሰሮችም ራሳቸው ሊልጡት የሚችሉት ፍሬ ስለሆነ፣ እጃችንን አውጥተን ለመናገር ይመቸናል።