በቢጫ ስለተሣሉት የተፍኪ በሮች

ለተከበሩ አቶ ወንዳፍራሽ
የድርጅታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ሰበታ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቡራዩ ያሉት ጎረቤቴ እማማ ሳሊሃ ግን ግራ ጎናቸው እንደከዳቸው ነው፤ ማንኪያ እንኳ በሰው እጅ ነው የሚይዙት። ትንሿ ልጃቸው አሪጅ አግብታ ሰንዳፋ ስለገባች፣ ቤት የቀረችው ሬሐና ብቻ ናት፤ ያቺ እናቷን እያገላበጠች ከቤት ሆና ኦቶካድ በሚሉት የኮምፒውተር መሣያ የሕንፃ ፕላን የምትሠራልን። ይህን የምነግርዎ፣ ከቤት እንድትሠራ የፈረሙላት እርስዎ ስለሆኑ ምናልባት ረስተውት እንደሆነ ብዬ ነው።

ይህን ደብዳቤ ኮሪደሩ ላይ ከእርስዎ መመሪያ ጎን የለጠፍኩት ሰሌዳ እንደሚወዱ ስለማውቅ ነው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩ፣ ማተሚያ ክፍል ወረቀት የምቀይር ሰው ነኝና ብሳሳት ይቅር ይበሉኝ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር ላቅርበው።

1. ሁላችንም በአንድ ዓይነት ቀለምና መስመር እንድንሠራ በጥቅምት ወር አዲስ የጋራ ሥርዓት ስላወጡልን እናመሰግናለን። ድሮ በር በቢጫ ይሣል ነበር፤ አሁን በር አረንጓዴ ሆኖ፣ ቢጫ ማለት "ረቂቅ ነው፣ አይታተም" ማለት ሆኗል። ቢሮ ያሉት ጠዋት ኮምፒውተር ሲከፍቱ ሥርዓቱ በራሱ ገብቶ ጠበቃቸው። ከቤት ለሚሠሩት ደግሞ መመሪያውን አሳትመው እዚሁ ኮሪደር ላይ ለጥፈውላቸዋል። ሬሐና ከቡራዩ አንገቷን አስግጋ አለማንበቧ የራሷ ስንፍና ነው።

2. ፍላሽ ስለከለከሉልንም እንዲሁ። ድሮ የተለወጠ ነገር ሲኖር፣ እርስዎ ክፍል ያለው አማኑ የቀለሙና የመስመሩ ሥርዓት ያለበትን ፎልደር ፍላሽ ላይ ይገለብጥልኝና፣ መሀረቤ ጫፍ ላይ ቋጥሬ ማታ ስገባ ለሬሐና አደርስላት ነበር። ቫይረስ ሳመላልስ እንደኖርኩ ሲያስረዱኝ አፈርኩ። አሁን ፎልደሩ በኢንተርኔት ይውረድ ብለዋል፤ የይለፍ ቃሉን ግን ባለቤቱ በአካል መጥቶ ፈርሞ ይውሰድ። እኔ ልፈርምላት ብል በውክልና አይሰጥም ተባልኩ።

3. የተፍኪውን የእህል መጋዘን ያስታውሱታል። ሬሐና እንደለመደችው አራቱን በሮች በቢጫ ሣለች፤ ከማተሚያው በር የሌለው ቤት ወጣ። ይዤው መጥቼ "ጌታዬ፣ ይሄ ቤት መግቢያ የለውም" ብልዎ፣ "ወርቅቱ፣ አንቺ ወረቀት እንዳያልቅ ተጠንቀቂ፤ ሥርዓቱ አይሳሳትም" አሉኝ። ወረቀት አላለቀም። ማኅተም ተመቶበት ሄደ፤ ግንበኞቹም ማኅተም አክባሪ ናቸውና ዙሪያውን ጥርቅም አድርገው ገነቡት። አጣጥፌ የላክሁት እኔ ነኝ፤ እሱን አልክድም።

4. ጥፋቱ የሬሐና ነው ተብሎ የስንብት ደብዳቤዋ ሲወጣ፣ በአንድ ቀን ቡራዩ ደረሰ። ፎልደሩ በአምስት ወር ያልደረሰበትን መንገድ! የሬሐናን ፋይል የሚከፍት ሰው ካለ፣ አራቱም በሮች እስክሪኑ ላይ ቢጫ ሆነው ቆመዋል።

የምጠይቅዎ ነገር የለኝም። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ስንብቷን ፈርሟል፣ ነገሩ አልቋል። ይህንኑ ሥርዓት ለሱሉልታው ቅርንጫፍም ሊዘረጉ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሱሉልታን እግዜር ይጠብቅ።

ወረቀት እንዳያልቅ ሌት ተቀን የምትጠነቀቀው፣ ለወንበርዎ ጎንበስ የምትለው
ወርቅቱ፣ ከማተሚያ ክፍል

ሳልረሳው፦ ዛሬ ሁለት ሰዎች መጥተው አጡዎት። አንዱ የመጋዘኑ ዘበኛ ኦቦ ቦጂያ ናቸው፤ "ሌባ እንዳይገባ ከሆነ ደግ አስባችኋል፣ እህሉስ በየት ይግባ?" ብለዋል። ሁለተኛዋ ሬሐና ናት። ኮምፒውተሩን በእናቷ ሻርፕ ጠቅልላ አምጥታ አስረከበች፤ ቢሮዎን ብታንኳኳ ዝግ ሆነባት። ስትወጣ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ "እትዬ ወርቅቱ፣ በእኔ ቦታ ለሚገባው ሰው አዲሱን ፎልደር እንዳይረሱበት በይልኝ።"