ሃያ ስድስቱን ደረጃ ዘጠኝ ያደረጉት የዶክተር አገርነሽ ጥዑመ ልሳን የሕይወት ታሪክ

ዶክተር አገርነሽ ጥዑመ ልሳን ከአባታቸው ከመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ወልደ ዮሐንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፅጌ ማርያም አንዳርጋቸው መስከረም 12 ቀን 1970 ዓ.ም. በዘጌ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ከአባታቸው ዘንድ ነው። ሁለተኛ ደረጃን በባሕር ዳር አጠናቀው በኬሚስትሪ ሁለት ዲግሪ ከአዲስ አበባ፣ ዶክትሬታቸውን ከሕንድ አገር አገኙ። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ከትናንት ወዲያ ዓርብ ድረስ በባሕር ዳር አስተምረዋል፤ ተመራምረዋል። «እስከ ከትናንት ወዲያ» ብሎ መጻፍ ለቤተሰቡ እንዴት እንደከበደ እግዚአብሔር ያውቃል።

በ1996 ዓ.ም. ከአቶ ኃይለ ገብርኤል ይትባረክ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ብሩክንና ቃልኪዳንን ወልደዋል።

መሪጌታ ቁስል የሚያደርቅ አንድ ሥር ያውቃሉ፤ ስሙ በአደባባይ እንዲጠራ አይወዱም። ሥሩ ሲቆፈር ቁጥቋጦው ስለሚሞት ከሐይቁ ዳር ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ዶክተር አገርነሽ በሥሩ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ ሊሠሩት ተነሡ። መሪጌታ ግን በዓይናቸው እስኪያዩት መቆፈሩን እንደማይተዉ ቁርጡን ነገሯቸው።

ንጥረ ነገሩ የሚሠራበት መንገድ እየረዘመ ሃያ ስድስት ደረጃ ደርሶ ነበር። በየደረጃው የሚባክን ስላለ መጨረሻ ላይ የምትገኘው ጥፍር አትሞላም፤ ያችም በማግስቱ ተበላሽታ ታድራለች። እንዳትበላሽ ብለው ደረጃ ቢጨምሩም ጠብ የሚል ነገር አልነበረም። እንዲህ አሥራ አንድ ዓመት ለፉ።

አምና በፋሲካ ድካማቸውን ለአባታቸው አጫወቷቸው። መሪጌታ ከት ብለው ሳቁና፣ «ብርሃን አሳይተሽው ይሆናላ! እኔስ በጨርቅ ጠቅልዬ ጓዳ አይደል የማደርቀው» አሏቸው። ዶክተር ያንን ጨርቅ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲያዩት ኖረዋል፤ ነገር ግን ምሥጢሩን ከሰው ለመደበቅ የተደረገ ይመስላቸው ነበር። እንደተመለሱ ብልቃጦቻቸውን ሁሉ በጥቁር ጨርቅ ሸፈኑ። ብልሽቱ ቆመ፤ እሱን ለመከላከል የገቡት ደረጃዎች ተነሡና ሃያ ስድስቱ ዘጠኝ ሆነ።

ዓርብ የካቲት 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ዘጠነኛው ደረጃ ሰመረ። ከሥሩ ከወጣው ጋር ሲመሳከርም አንድ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ እሑድ ቅበላን ዘጌ ውለው ለአባታቸው ሊያሳዩ ጀልባ ተነጋግረው ነበር። ትናንት ጠዋት ልብስ ሲያጣጥፉ ድንገት ወደቁ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርሱም በ48 ዓመታቸው ዐረፉ። አንድም ቀን ራሴን አመመኝ ያላሉ ሰው ናቸው። ደንግጠናል፤ ማመን አቅቶናል። የሰማንያ አራት ዓመቱ መሪጌታ ለራሳቸው ያስቀመጡት መገነዣ ለልጃቸው ሆነ።

ዶክተር አገርነሽ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እናታቸውንና አባታቸውን ትተው ሄደዋል።

ትናንት ማታ ተማሪያቸው ምሥጋና ዓርብ የተሠራውን የያዘችውን ብልቃጥ ለመሪጌታ አስረከበቻቸው። እሳቸውም በዓይናቸው አይተው፣ «አመንሁ ልጄ። ከእንግዲህ አልቆፍርም» አሉ።

የደከሙባትን ዕፅ የፈጠረ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለአባታቸውም ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።