የአባ ሀብተ ሥላሴ አረብኛ

ውድ አባ ሀብተ ሥላሴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ደኅና ነን፤ እናቴም ጉልበትዎን ትስማለች። ይህን ደብዳቤ አባ ወልደ ዮሐንስ እንደሚያነቡልዎ አውቃለሁ። አባ ወልደ ዮሐንስ፣ ይቅር ይበሉኝና አንድም ቃል ሳይዘሉ ያንብቡላቸው። እኔን የሚያሳፍረው ቦታ ላይ ሲደርሱም አይዝለሉ፤ እሱን ነው ለማስነበብ የጻፍሁት።

ራሴ መጥቼ እንዳልነግርዎ ገዳማችሁ ያለበት ደሴት ሴት አይወጣበትም። እግሬ በማይደርስበት ወረቀቴ ይድረስ አልሁ።

ከወራት በፊት ለዓይንዎ ሕክምና ባሕር ዳር እኛ ቤት ሲመጡ ጭንቅ ላይ ነበርሁ። ትምህርት ቤታችን የሚያስፈትነን ከውጭ አገር የሚመጣውን ፈተና ነው፤ ሁለተኛ ቋንቋ ግድ ነው፤ እኔም ካይሮ ሄጄ ነርስነት ልማር ብዬ አረብኛ መርጬ ነበር። መምህራችን በዓመቱ አጋማሽ ሥራውን ጥሎ ሄደ። ቤት ገብቼ ሳለቅስ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች፣ "ምን ያነፋርቅሻል? ኢየሩሳሌም አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖሩ አጎቴ ሳሎን ተቀምጠውልሽ!" አለችኝ። እውነቴን ነው የምልዎ፣ መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣ። የገዳም በረኛ ሆነው ከአትክልት ነጋዴ ጋር ሲከራከሩ የለመዱት አረብኛ ለፈተና ይሆናል ብሎ ማን ያስባል!

እርስዎ ግን "በይ መጽሐፍሽን አምጪ" አሉኝ። አንዱ ዓይንዎ በፋሻ ታስሯል፣ ሌላው ብዥ ይልብዎታል። እኔ አነባለሁ፣ እርስዎ በጆሮዎ ያርማሉ። መጽሐፉ ሠላሳ ምዕራፍ ነው፣ ፈተናው ሦስት ወር ቀርቶታል፣ እርስዎ ሳምንቱን ሙሉ አንዲት ገጽ! በቃሌ ካልወጣኋት ሁለተኛዋን አልገልጥም። ያቺን ስለ ሐይቅ የምታወራውን የመጀመሪያዋን ገጽ ያስታውሷታል? በጧት ጣና ዳር ከዋርካው ሥር ቆሜ እላለሁ። "ዜማ የሌለው ንባብ ከልብ አያድርም" ብለው እንደ ቆሎ ተማሪ በዜማ ነው የሚያስብሉኝ። ካቀናሁት በመቋሚያዎ መሬቱን አንዴ ያንኳኳሉ፤ ከሳትሁ ሁለቴ፣ ያን ጊዜ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። አንድ ቀን አሥራ ሰባት ጊዜ አስጀመሩኝ። "አባ፣ ፈተናው እኮ ደረሰ!" ብልዎ፣ "ያልበሰለ ቀለም ሆድ ይነፋል፤ በይ ከላይ!" አሉኝ። ተናድጄ ድንጋይ አንሥቼ ወደ ሐይቁ ወረወርሁ። "እሱንም በአረብኛ ወርውሪው" ብለው ሳቁብኝ።

ግን ገባኝ፣ አባ። እኛ ባሕር የምንለውን አረቦቹ "በሕር"፣ ቤት የምንለውን "በይት" እንደሚሉት የነገሩኝ ዕለት "የአክስት ልጆች ናቸው እኮ፣ ምን ያስፈራሻል?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልፈራሁም።

አባ ወልደ ዮሐንስ፣ አይዝለሉ ያልሁዎ ከዚህ በታች ያለውን ነው።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ክፍል ውስጥ ልምምድ አደረግን። ተራዬ ደርሶ ተነሣሁና ያችኑ ገጽ አነበብሁ። ለካ በቆሎ ተማሪ የውርድ ንባብ ዜማ፣ ወዲህና ወዲያ እየተወዛወዝሁ ነው የማነባት! እኔ አልታወቀኝም። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማኅሌት የምትባለው የክፍሌ ልጅ በስልኳ ቀርጻ በቴሌግራም በተነችው፤ በማግሥቱ ስሜ "የአረብኛ ቄስ" ሆነ። ቤት መጣሁና፣ "አባ፣ ከዛሬ ወዲያ ብቻዬን ነው የማጠና" አልሁዎ። ምክንያቱን አልጠየቁኝም። "እሺ ልጄ" ብቻ አሉ።

የቃል ፈተናው ዕለት ከባጃጅ ስወርድ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አየሁዎ። ቆብዎን ደፍተው፣ መቋሚያዎን ተደግፈው። እነ ማኅሌትም እዚያው በሩ ላይ ነበሩ። ከዚያ ዞሬ በጓሮ በር ገባሁ። እንደማያዩኝ እያወቅሁ ነው የዞርሁት። ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት፣ እስካሁን የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው።

ፈታኟ ሱዳናዊት ሴት ነበረች። ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ስናገር ፈገግ አለችና "ማን አስተማረሽ?" አለችኝ። "ከኢንተርኔት ነው፣ ብቻዬን" አልሁ። ሳቀች። "ኢንተርኔቱ ኢየሩሳሌም ውስጥ ቲማቲም ይሸጣል እንዴ? እውነቱን ንገሪኝ እንጂ" ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። ደግሜ "ማንም" አልሁ። እርስዎ በሰጡኝ አፍ እርስዎን ካድሁ። ጴጥሮስስ ዶሮ ቢጮኽ አለቀሰ፤ ለእኔ የጮኸው የባጃጅ ጥሩምባ ነበር፣ ያውም አላስለቀሰኝም።

ያለቀስሁት ቤት ገብቼ መደብዎ ባዶ ሆኖ ሳገኘው ነው። እናቴ ነገረችኝ። ሐኪሙ "ከዚህ በላይ አይሆንም" ካለዎ ወር ሆኖት ኖሯል፤ የቆዩት ለእኔ ፈተና ነው። በእናንተ ደንብ ተማሪ ሲፈተን መምህሩ በአቅራቢያው ይቆማል፤ ለዚህ ነው ከማለዳ እስከ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆሙት። ዘበኛው "ልጅቷማ ገብታለች" ቢልዎ፣ "ቀለሟን ይዛ ከገባች ምን ጎደለ?" ብለው በቀጥታ ወደ ጀልባው ሄዱ አሉ። ምነው ቢቆጡኝ ኖሮ!

ውጤቱ ሐሙስ ለት መጣ። አልፌያለሁ፣ አባ። ከሁሉ የበለጠልኝም የቃሉ ነው። ካይሮም ተቀበሉኝ፤ ሰኞ እሄዳለሁ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ እኔ ግን ደስታው አልዋጥ አለኝ። "መምህሩን ሳይሰናበት የሄደ ተማሪ ቀለሙ አይረጋለትም" ይሉኝ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ትናንት ማኅሌትን አግኝቼ፣ "ያስተማሩኝ የእናቴ አጎት ናቸው፤ መነኩሴ ናቸው፤ ያ የሳቃችሁበት ዜማም የሳቸው ነው" አልኋት። "ታዲያ እኔንስ ምናለ ቢያስተምሩኝ?" አለች። እሷ ወድቃለች። አንጀቴን በላችው።

ይህን ወረቀት ይዞ ወደ እናንተ የወጣው ባለ ጀልባው አለበል ነው። እኔም ሩቅ አይደለሁም፤ ታች ጀልባው ላይ ተቀምጫለሁ። አባ ወልደ ዮሐንስ አንብበው ሲጨርሱ እጅዎን ይዘው እስከ ወደቡ ድንጋይ ያውርዱልኝ። ያቺን የሐይቅ ገጽ ከላይ እስከ ታች እልልዎታለሁ፤ በዚያው ዜማ፣ እየተወዛወዝሁ፣ ጀልባውን የሞሉት ሰዎች እየሰሙኝ። ይቅር ካሉኝ ድንጋዩን አንዴ ያንኳኩልኝ፣ ተሰናብቼ ልሂድ። ሁለቴ ካንኳኩም አልቀየምም፤ አለበልን እስኪመሽ ድረስ ጠብቀኝ ብዬዋለሁ፣ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ተማሪዎ
ኪዲ፣ እርስዎ ወለተ ሩፋኤል የሚሏት
ከታች፣ ከጀልባው ላይ